እሱን ያልመሰሉት ተማሪዎቹ

ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ስለሆነ፣ በዚያው የሁለት ፈረንሳውያን ሠዓሊዎችን ሥራ ፈልጉልኝ። የመጀመሪያው ጉስታቭ ሞሮ ይባላል። የሚመጡላችሁ ሥዕሎች ጨለም ያሉ፣ ጌጥ የበዛባቸው፣ የግሪክ አፈ ታሪክና የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች የሞሉባቸው ናቸው። ሰሎሜ በዕንቁ ተንቆጥቁጣ ቆማለች፤ ከፊቷ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ አየር ላይ ተንሳፎ ብርሃን ይረጫል። እያንዳንዱን ፈርጥ በመርፌ ጫፍ የሳለው ነው የሚመስለው። ሁለተኛው አንሪ ማቲስ ነው። እሱ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ከግንባሯ እስከ አገጯ አረንጓዴ መስመር የወረደባት ሴት፣ ቀይ ቀለም የዋጠው ክፍል፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚጨፍሩ አምስት ሰዎች ታያላችሁ። ፈርጥ የለ፣ ዝርዝር የለ፤ በቃ ቀለምና መስመር።

የመጀመሪያው ሰውዬ የሁለተኛው አስተማሪ ነበር።

ማቲስ ብቻ ቢሆን ኖሮ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ዦርዥ ሩዎ፣ አልበር ማርኬ፣ አንሪ ማንጌን፣ ሻርል ካምዋን፣ ቤልጅየማዊው አንሪ ኤቨንፑል፣ ሮማንያዊው ቴዎዶር ፓላዲ ሁሉም ያንን ክፍል ያዩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሞሮን በመምሰል ስሙን ያስጠራ አንድም የለም። እርስ በርሳቸውም ብዙ አይመሳሰሉም።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ስለ ሥዕል የማውቀው ከሙዚየም ድረ ገጾችና ከመጻሕፍት የለቀምኩትን ነው። ግን ከአንድ በር ገብተው የወጡ ሰዎች እንዲህ ሲለያዩ፣ መሀል ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያጓጓኛል። ስለዚህ የሰውዬውን ሕይወት ከሥሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሞሮ በ1826 ፓሪስ ተወለደ። አባቱ አርክቴክት ነበሩ፤ ኑሯቸውም የተደላደለ ነበር። በ1840 እህቱ ካሚ በ13 ዓመቷ ስትሞት ለወላጆቹ የቀራቸው ልጅ እሱ ብቻ ሆነ። በ1846 የፈረንሳይ መንግሥት ትልቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወደሆነው ኤኮል ዴ ቦዛር ገባ።

እዚህ ጋ ስለ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ቦዛር ውስጥ ሩጫው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ነበር፦ የሮም ሽልማት ወደሚባለው ውድድር። ርዕስ ይሰጣል፤ የመጨረሻው ዙር ላይ የደረሱት ለየብቻቸው ክፍል ተሰጥቷቸው ይስላሉ፤ አካዳሚው ይዳኛል። ያሸነፈ በመንግሥት ወጪ ሮም ሄዶ ለዓመታት ይኖራል፤ ሲመለስ ሥራውም ክብሩም ይጠብቀዋል። እንግዲህ አስቡት። ሽልማቱ ይህን ያህል ትልቅ ሲሆንና የዳኛው ምርጫ አስቀድሞ ሲታወቅ ተማሪው ምን ያደርጋል? ዳኛው የሚወደውን ይስላል። አስተማሪውስ? ልጆቹ እንዲያሸንፉለት ዳኛው የሚወደውን ያስተምራል። ማንም ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ ነገሩ ራሱ ወደዚያ ይገፋል።

ሞሮ ሁለት ጊዜ ተወዳደረ፣ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በ1849 ትምህርት ቤቱን ጥሎ ወጣ።

ከዚያ ሰባት ዓመት የሚበልጠውን ቴዎዶር ሻሴሪዮ የሚባል ሠዓሊ ተጠጋ። ሻሴሪዮ በ1856 ገና በ37 ዓመቱ ሲሞት ሞሮ ክፉኛ ተጎዳ፤ በኋላ ለመታሰቢያው ብሎ ወጣቱና ሞት የሚል ሥዕል ሠርቶለታል። በ1857 ጣልያን ሄደ። የሮም ሽልማት አሸናፊዎችን መንግሥት ሲልካቸው እሱ የሄደው በራሱ ወጪ ነው። ሁለት ዓመት ያህል በሮም፣ በፍሎረንስና በቬኒስ እየዞረ የጥንቶቹን ሥዕሎች ገለበጠ። እዚያው ከወጣቱ ዴጋ ጋር ተወዳጀ። ውጤት የሚሰጠው አልነበረም፣ የሚቆጣጠረው አልነበረም። ዓይኑ የያዘለትን ሥዕል መርጦ ፊቱ ይቀመጣል፣ እስኪገባው ድረስ ይገለብጠዋል፣ ተነስቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከ30 ዓመት በኋላ ክፍል ሲይዝ የሚያደርገው ነገር ዘሩ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ዝናውን በአጭሩ ልለፈው። በ1864 ኤዲፐስና ስፊንክስ የሚለው ሥራው በፓሪሱ ትልቅ ኤግዚቢሽን፣ ሳሎን በሚባለው፣ ታይቶ ስሙ ገነነ። ሥዕሉ ዛሬ ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው። በ1876 ደግሞ ሰሎሜን አመጣና መነጋገሪያ ሆነ። ከ1880 በኋላ ግን ሳሎን ላይ አልታየም። ላ ሮሽፉኮ መንገድ ቁጥር 14 በሚገኘው ቤቱ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ለማሳየት ሳይቸኩል መሳሉን ቀጠለ። ከወላጆቹ ያገኘው ጥሪት ስለነበረ ለዕለት ጉርሱ ብሎ መሸጥ አላስፈለገውም። ይህን ነገር ያዙልኝ። ነፃነቱ ከባሕርይው ብቻ የመጣ አይደለም፤ የቤት ኪራይ የማያስጨንቀው ሰው ነበር።

ከዚያ ዘመኑ አንዲት ነገር ደጋግማ ትመጣብኛለች። እናቱ በእርጅናቸው ጆሯቸው መስማት አቃተው። ልጃቸው ታዲያ ምን እንደሳለና ለምን እንደዚያ እንዳደረገው በወረቀት እየጻፈ ያስረዳቸው ነበር። አያችሁ፣ ሥዕሉ ፊታቸው አለ፤ ግን የሚወዱት ሰው ምን አስቦ እንደሠራው ማወቅ ይፈልጋሉ። አንድን ሥዕል ለሌላ ሰው በትዕግሥት መግለጥን እዚያ ነው የተለማመደው ብዬ እገምታለሁ።

እናቱ በ1884 ሞቱ። የረጅም ዘመን ወዳጁ አሌክሳንድሪን ዱሬ በ1890 ሞተች። በ1891 ደግሞ ቦዛር ውስጥ ያስተምር የነበረው ጓደኛው ኤሊ ደሎኔ ተከተለ። ክፍሉን እንዲይዝ የተጠየቀው ሞሮ ነው። በ1892 በይፋ ፕሮፌሰር ሲሆን ዕድሜው 65 ደርሶ ነበር። ሁለት ጊዜ የጣለው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ማስተማር ጀመረ።

በዚያው ዓመት በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ የ22 ዓመት ልጅ ይታይ ነበር። ማቲስ ሕግ ተምሮ በጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ የነበረ ነው። ሥዕል የጀመረው 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ታምሞ አልጋ ላይ በዋለበት ጊዜ እናቱ የቀለም ሳጥን ገዝተው ሰጡት፣ በቃ በዚያው ወጣ። ፓሪስ መጥቶ ስሙ ገናና የነበረው ቡግሮ ጋ ቢገባም አልሆነለትም። የቦዛርን መግቢያ ፈተና ወሰደ፤ ወደቀ። ኢንትራንስ የወደቀ ጓደኛ ያለው ሰው ያንን ክረምት ያውቀዋል። ታዲያ እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ጣራው መስታወት የሆነ፣ የጄሶ ሐውልቶች የተደረደሩበት ግቢ ነበር። ያልገቡ ልጆች እዚያ እየተቀመጡ ሐውልቶቹን ይስላሉ፤ ከሚያልፉት መምህራን ያንዱ ዓይን ውስጥ ከገባን ብለው። ሞሮ አለፈ፣ ቆም ብሎ የማቲስን ንድፍ አየ፣ ወደ ክፍሉ ጠራው። ማቲስ ፈተናውን በይፋ ያለፈው በ1895 ነው። ሦስት ዓመት ያህል በወረቀት ተማሪ ያልሆነ ልጅ የሞሮ ተማሪ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ክፍሉ ውስጥ ምን ነበር? እንደ ሌሎቹ ክፍሎች ሞዴል ይቆማል፣ ይሳላል፤ እሱ አልቀረም። ልዩነቱ ሰውዬው ተማሪዎቹን ይዞ ወንዙን ተሻግሮ ሉቭር መሄዱ ነው። እኛ ዛሬ ፈጠራ ሲባል ልጁን ልቀቀው፣ የፈለገውን ይሞነጫጭር፣ አትንካው የሚል ነገር ነው ቶሎ የሚመጣብን። ሞሮ እንደዚያ አልነበረም። ያስገለብጣል፤ ያውም አጥብቆ። ግን ከቦዛር ወግ የሚለየው፣ ግልበጣው ወደ አንድ ሞዴል አለመወሰዱ ነው። ማቲስ ሻርደንን ገለበጠ፣ ፑሳንን ገለበጠ፣ ሆላንዳዊውን ደ ሄምን ገለበጠ። ሩዎ ልቡ ወደ ሬምብራንት ነበር። አንድ ሰው ብቻ የሚገለብጥ ተማሪ ያንን ሰው ሆኖ ይቀራል፤ አሥር ሰው የሚገለብጥ ግን አሥሩ እርስ በርስ ስለማይስማሙ ማመዛዘን ይጀምራል። ይህን ከዚህ እወስዳለሁ፣ ያንን እተዋለሁ ማለት ይጀምራል። ሞሮ የሚፈልገው እሱን ነበር መሰለኝ።

ሻርደን የሳለው አንድ ሥዕል አለ፤ ሆዱ ተዘርግፎ የተሰቀለ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣና አጠገቡ ፀጉሯ የቆመ ድመት። ማቲስ ይህን ለመገልበጥ ዓመታት ፈጅቷል። የመጨረሻው ውጤት ከዋናው ጋር አይመሳሰልም፤ ሻርደንን ሊያገኝ ሄዶ የራሱን ቀለም ይዞ የተመለሰ ነው የሚመስለው። ደግሞ ግልበጣው እንጀራም ነበር፤ መንግሥት የሉቭር ቅጂዎችን ይገዛ ስለነበር ማቲስ ጥቂቶቹን ሸጧል። ሆኖም ገዢዎቹ የሚወዱት ቁርጥ ዋናውን የሚመስለውን ነው። ይሄ ነገር የትም አይቀርም መቼም።

ከሉቭር ሲወጡ ሞሮ ወደ ጎዳና ይልካቸዋል። ለስድሳ አምስት ዓመት ሽማግሌ፣ ያውም ዕድሜ ልኩን አማልክትና ነገሥታት ለሳለ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ማርኬና ማቲስ ደብተራቸውን ይዘው ፓሪስ ጎዳና ላይ አላፊ አግዳሚውን፣ ጋሪውን፣ ብስክሌተኛውን ሳያልፋቸው ለመያዝ ይጣደፋሉ። ሞዴል አይጠብቃችሁም፤ ሰውዬው መንገዱን ከመሻገሩ በፊት በአራት መስመር ካልያዛችሁት ሄደ። ማርኬ ይህን ትምህርት ዕድሜ ልኩን ይዞት ኖሯል። ወደብ ላይ የቆሙትን ሰዎች በአንድ የብሩሽ ጭረት ሲያስቀምጣቸው አካሄዳቸው ሳይቀር ይታወቃል።

ቀለምን በተመለከተ ደግሞ የሚያስተምረው ነገር ለቦዛር ጆሮ ከበድ ያለ ነበር። ቀለም ከፊታችሁ ካለው ነገር ላይ እንዲሁ የሚቀዳ አይደለም፣ አስቀድሞ በሐሳብ ውስጥ መኖር አለበት ይላቸው ነበር። ያንን ያረንጓዴ መስመር የወረደባትን ሴትዮ አስታወሳችሁ? ሞዴሏ የማቲስ ሚስት ናት፤ አረንጓዴ ፊት እንዳልነበራት ግልጽ ነው።

ተማሪዎቹን በየተራ፣ እያንዳንዱን እንደየባሕርይው ያናግራል። እሑድ ቤቱ ይቀበላቸዋል፤ ወሬው ከሥዕል ወደ መጻሕፍት፣ ከመጻሕፍት ወደ ሙዚቃ ይሄዳል። ኤቨንፑል ለአባቱ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ስለ መምህሩ በስስት ነው የሚያወራው። ማቲስም ዕድሜው ገፍቶ ሲያስታውሰው፣ መምህሩ ትክክለኛውን መንገድ ከማሳየት ይልቅ ከለመዱት መንገድ አስወጥቶ ያሳስባቸው እንደነበር ይመሰክራል።

እኔ የማክልባት አንዲት ጥርጣሬ አለችኝ። ሞሮ ሥራውን ሳሎን ላይ ማሳየት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ግድግዳ ሙሉ የሚይዙት ሸራዎቹ ቤቱ ውስጥ ተከማችተዋል። እሱን መገልበጥ የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር እንኳ ምኑን አይቶ ይገልብጠው? አስቦበት ይሁን እንዲያው ሆኖ፣ ራሱን ከተማሪዎቹ ፊት ዞር አድርጎ ነበር።

አሁን ስለ ሩዎ። ሩዎ በ1871 የተወለደው ፓሪስ በመድፍ ስትደበደብ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ደሃ ነው፤ እሱም በ14 ዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ባለቀለም መስታወት የሚጠግን ሰው ጋ ሥራ ተቀጠረ። ሥዕሎቹን ካያችሁ፣ በወፍራም ጥቁር መስመር የተከበቡት ቀለሞች ከዚያ መስታወትና እርሳስ የመጡ መሆናቸው ያስታውቃል። ሞሮ ከሁሉም አብልጦ የቀረበው እሱን ነው። ሩዎ በ1893 ለሮም ሽልማት ሶምሶን ወፍጮ ሲያዞር የሚያሳይ ሥዕል ይዞ ቀረበ፤ አላሸነፈም። በ1895 ቅዱሳት አንስት የክርስቶስን አስከሬን ከበው ሲያለቅሱ የሚያሳይ ይዞ ቀረበ፤ አሁንም አላሸነፈም።

ይህ ታሪክ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለት ጊዜ መውደቅ የመምህሩ የራሱ ታሪክ ነው። አሁን መምህሩ ማን እንደሆነ አስቡ፦ የቦዛር ፕሮፌሰር፣ የአካዳሚው አባል፣ ክፍሉ በሽልማት ቁጥር የሚለካበት ሰው። በጣም የሚወደው ተማሪ ሽልማት ሊያመጣለት የሚችል ልጅ ነው። ብዙ አስተማሪ አንድ ጊዜ እንሞክር ይለው ነበር። ሞሮ ትምህርት ቤቱን ልቀቅ አለው። ሩዎ ለቀቀ።

ይህን ምክር ሳስበው የሚከብደኝ የገንዘቡ ነገር ነው። ሞሮ በ1849 ሲወጣ ከኋላው አባቱ ነበሩ። ሩዎ ሲወጣ ከኋላው ማንም አልነበረም። መምህሩ ትክክል ይሁን እንጂ ሒሳቡን የሚከፍለው ልጁ ነው፤ ሩዎም በሚገባ ከፍሎታል፣ ለብዙ ዓመታት በችግር ኖሯል። የፈጠራ ነፃነትን ለልጆች ስንሰብክ ይህችን እየዘለልን ይመስለኛል።

ማቲስም የራሱ ፈተና መጣ። በ1896 መንግሥት አንዲት ስታነብ የምትታይ ሴት የሳለባትን ሥዕል ገዛውና ቤተሰቡ ተነፈሰ። ጸጥ ያለች፣ ግራጫ ሥዕል ናት፤ ማንንም አታስቀይምም። በዚያው መንገድ ቢቀጥል ኑሮው ተቃንቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን የተዘረጋ የምግብ ጠረጴዛና አሳላፊዋን የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አቀረበ። ብርሃኑና ቀለሙ ከለመዱት በዛባቸው፤ ሰው አጉረመረመ። ተዉት፣ ጠርሙሶቹ ጠረጴዛው ላይ በደንብ ቆመዋል ብሎ የተከላከለለት ሞሮ ነው። እዚህ ላይ ሞሮ ራሱ የኢምፕሬሽኒስቶቹ ወዳጅ እንዳልነበረ አስታውሱ። እሱ የማይከተለውን መንገድ ነው ተማሪው ሲጀምር የጠበቀለት። ማቲስ ወደፊት ሥዕልን እንደሚያቃልላት፣ ትርፉን ሁሉ አራግፎ እንደሚያስቀራት የነገረውም እሱ ነው። ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ፈርጥ ሲደረድር የኖረ ሰው!

ሞሮ በሚያዝያ 1898 በካንሰር ሞተ። በይፋ ያስተማረው ስድስት ዓመት ብቻ ነው። ክፍሉን ፈርናን ኮርሞን የሚባል ሌላ ሠዓሊ ተረከበ፤ ብዙም ሳይቆይ ማቲስ ለቅቆ መሄድ ነበረበት። ኤቨንፑል በ1899 መጨረሻ በ27 ዓመቱ በታይፎይድ ሞተ። ሩዎ ደግሞ አባት እንደሞተበት ልጅ ሆነ፤ ለተወሰኑ ዓመታት ምን እንደሚስል እንኳ ጠፋው።

በ1905 መኸር ማቲስ፣ ማርኬ፣ ማንጌንና ካምዋን ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሥዕሎቻቸውን ሰቀሉ። ቀለሙ እንደ ጩኸት ነበር። ሉዊ ቮክሴል የሚባል ሐያሲ የዱር አራዊት ብሎ ሰየማቸው፣ ፎቭ የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። የሞሮ ክፍል የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ሥዕል በር የከፈተ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ሞሮ በሕይወት ኖሮ ያንን ክፍል ቢያይ ይወደው ነበር? እጠራጠራለሁ። ጀርባውን ሰጥቶ የሚወጣ ነው የሚመስለኝ። ምናልባት ደግሞ ተመልሶ ይገባ ነበር።

ማቲስ በ1908 እሱም ትምህርት ቤት ከፈተ። ከስካንዲኔቪያ፣ ከጀርመን፣ ከአሜሪካ ወጣቶች መጡለት፤ የመጡትም እንደ እሱ ደማቅና ልቅ አድርገው ለመሳል ነው። እሱ ታዲያ የጄሶ ራስ አውጥቶ ፊታቸው አስቀመጠና ከዚህ ጀምሩ አላቸው፤ ሙዚየምም ይልካቸው ነበር። ሦስት ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ ተወው። ሠዓሊም አስተማሪም መሆን አልቻለም።

ሞሮ ግን ሞት እንደመጣ ሲያውቅ ያሰበው ስለ ቤቱ ነው። አስቀድሞ በ1895 ቤቱን ከፍና ሰፋ አድርጎ አስገንብቶት ነበር፤ ከነሥዕሎቹ ለመንግሥት ተናዘዘ። ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ንድፎች አሉበት። ብዙዎቹ ሸራዎች አላለቁም፤ አንዳንዶቹ ትናንሽ የዘይት ቀለም ሥራዎች ደግሞ ምን እንደሆኑ እንኳ የማይለዩ፣ እንዲሁ የቀለም ውርጅብኝ ናቸው። ለማንም ያላሳያቸው። መንግሥት ስጦታውን ለመቀበል ዓመታት አንገራግሮ፣ ቤቱ በ1903 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ሩዎ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር። ቀን ቀን የመምህሩን ሰሎሜዎችና አማልክት ይጠብቃል፤ ጎብኚው ጥቂት ስለነበር ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። በራሱ ሸራ ላይ ግን በዚያው ሰሞን የሚስለው ፊታቸው ያበጠ የሰርከስ ቀልደኞችን፣ የጎዳና ሴቶችን፣ ቀይ ካባ የለበሱ ዳኞችን ነበር።